የኮት አበባና የእጅ አበባ፦ መጀመሪያ ልብሱን እዪ

ሰላም እህቴ፣ ለወንድምሽ ሠርግ እንኳን ደስ አላችሁ! የጠየቅሽው ለሙሽራውና ለሚዜዎቹ ኮት፣ ለሁለቱ እናቶች ደግሞ ለእጅ ወይም ለደረት ምን ዓይነት አበባ እንደሚሻል፣ በየት በኩል እንደሚደረግና መቼ እንደሚዘጋጅ ነው። የአራት እህትና ወንድሞቼን ሠርግ አበባ ያዘጋጀሁት እኔ ስለሆንኩ ያየሁትን ልንገርሽ።

የአበባ ፎቶ ከማገላበጥሽ በፊት ልብሱን እዪ። እኔ በመጀመሪያው ሠርግ ይህን አላወቅኩም ነበር። የእናቴ ቀሚስ ስስ ሐር ነው። እኔ ደግሞ ትልልቅ ጽጌረዳ ያለበት ደረት ላይ የሚሰካ አበባ አሠራሁላት። ገና ፎቶ ሳንነሳ አበባው ከብዶ ጨርቁን ወደ ታች ጎተተው። ስፒሉ የገባበት ቦታም ተተረተረ። እማዬ ምንም አላለችኝም፤ ግን ቀኑን ሙሉ በቦርሳዋ ስትሸፍነው ዋለች። እስካሁን ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ቀሚሱ ሐር፣ ዳንቴል ወይም ስስ ጨርቅ ከሆነ አንጓ ላይ ወደሚታሰር የእጅ አበባ ሂጂ። ጨርቁ ወፈር ካለ ወይም ላዩ ላይ ጃኬት ካለ ደረት ላይ መሰካት ይቻላል፤ በግራ በኩል፣ ከጡት ከፍ ብሎ፣ ወደ ትከሻው ጠጋ ሲል ያምራል። ስፒል የማይወዱ ሰዎች በማግኔት የሚያዝ ይመርጣሉ። ጥሩ ነው፤ ግን ፔስሜከር፣ ማለትም የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ፣ ላለባቸው ሰዎች ማግኔት ደረት ላይ አይደረግም። አያቶች ካሉ ቀድመሽ ጠይቂ።

የእጅ አበባ ብዙ ጊዜ በግራ እጅ ነው፤ ቀኝ እጅ ሲጨብጥ ይውላላ። ግራኝ ከሆነች ገልብጪው። የሚያዝበት የላስቲክ ነገር ግን ይታሰብበት። ጠዋት ልክ የነበረው ከሰዓት በኋላ እጅ ሲያብጥ ይጠብቃል፣ ምልክት ያወጣል። በሪባን የሚታሰር ከሆነ እንደ ልብ ይላላል። እጇ ላይ ምንም ነገር ማድረግ የማትወድ እናት ካለች አታስጨንቂያት፤ ያንኑ አበባ የእጅ ቦርሳዋ ላይ እሰሪላት።

አሁን ወደ አበባው። ኮት ላይ የተሰካ አበባ ቀኑን ሙሉ ውኃ አያገኝም፣ ሙቀት ይመታዋል፣ በእቅፍ ይጨፈለቃል። ይህን የሚችል ነው የሚመረጠው። ካርኔሽን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን እሱን የሚያህል ጠንካራ አላየሁም። ግማሽ የፈካ ጽጌረዳና ኦርኪድም ያስተማምናሉ። ሃይድራንጂያ ያለ ውኃ ቶሎ ይጠወልጋል። ጋርዲኒያ ሽታው ልብ ይሰርቃል፣ ግን ጣት የነካው ቦታ ቡናማ ይሆናል። ሊሊ ከመረጥሽ መሃሉ ላይ ያለው ዱቄት ቀድሞ ይነቀል፤ ነጭ ሸሚዝ ላይ ካረፈ አይለቅም።

የሙሽራው አበባ ከሙሽራዋ እቅፍ አበባ ውስጥ ካለው ዓይነት ቢሆን ደስ ይላል። ሚዜዎቹ በቀለም ይምሰሉት፣ የሱ ግን በአንድ ነገር ይለይ፤ አንዲት ተጨማሪ እንቡጥም ትበቃለች። መጠኑን አታግዝፊው። ከ10 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ኮቱን ይጎትታል። የደረት ኪሱ ውስጥ ደማቅ መሐረብ ካለ ደግሞ ሁለቱ እዚያው ግራ በኩል ይጣላሉ፤ አንዱን አለስልሺው።

የብዙ ሠርግ ፎቶ የሚያበላሸው አሰካኩ ነው። አበባው ቦታው የኮቱ ግራ ኮሌታ ላይ፣ የቁልፍ ቀዳዳ የምትመስለዋ ስፌት ያለችበት ነው። አንዳንድ ኮት ከኮሌታው ጀርባ ግንዱን የምትይዝ የክር ቀለበት አላት፤ ካገኘሻት ተጠቀሚባት። ከሌለች እንዲህ አድርጊ። ኮሌታውን ገልብጪ። ስፒሉን ከጀርባ አስገቢው፣ ወፍራሙን የግንድ ክፍል ይውጋ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ጨርቁ ይግባ። ከፊት ምንም ብረት አይታይም፣ ጫፉም ኮሌታው ሥር ይቀራል እንጂ ወደ ደረት አይዞርም። አበባው ከከበደ ሁለተኛ ስፒል አግድም ጨምሪ፤ በአንድ ስፒል ብቻ ይሽከረከራል። የአባቴ አበባ እንደዚያ ሆኖ አንገቱን ደፍቶ ነው ፎቶ የተነሣው። ግንዱ ወደ ታች፣ አበባው ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ትከሻ ዘንበል ይበል።

ዝግጅቱ ከሠርጉ በፊት ባለው ቀን ማታ ቢሆን ጥሩ ነው። ክዳን ባለው ዕቃ፣ እርጥብ ሶፍት ሥሩ አንጥፈሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው። ከኋላ ግድግዳው ጋ አታስጠጊው፤ እዚያ በረዶ ይመታዋል። ኦርኪድ ግን ብርድ ስለማይወድ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ይበቃዋል። ፍራፍሬ ካለ አውጪው። ፍራፍሬ ሲበስል ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ካርኔሽን በተለይ በሱ ቶሎ ይጨማደዳል።

በጠዋት ቸኩለሽ አትስኪ። ለባብሰው ጨርሰው፣ ፎቶ ሊነሱ ሲሉ ነው ጊዜው። ለሙሽራው መለዋወጫ 1 ተጨማሪ ይኑር፤ የመጀመሪያው በእቅፍ ብዛት መዳጡ አይቀርም። የሚሰካውም ሰው ከወዲሁ ይታወቅ። እኔ ለእህቴ ልጅ በዋዜማው አሮጌ ኮት ላይ አስለምጃት ነበር፣ በማግስቱ ሁሉንም በ10 ደቂቃ ጨረሰች።

የእናቶቹ ቀሚስ ጨርቁ ምን እንደሆነ ጻፊልኝ፤ በእጅ ይሁን በደረት አብረን እንወስናለን።