“የዳሎል አገር ሰዎች ነን” ብሎ በጁላይ ዴዝ ቫሊ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የምንኖረው ላስ ቬጋስ ነው። እናትና አባቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን ይመጣሉ፤ ጁላይ አጋማሽ ላይ ገብተው ሁለት ወር ይቆያሉ። ባለቤቴ ዴዝ ቫሊን (የሞት ሸለቆ የሚሉትን የካሊፎርኒያ በረሃማ ፓርክ) ካላሳየኋቸው ብሎ ድርቅ ብሏል። ሙቀቱን ሳነሳበት “የዳሎል አገር ሰዎች ነን፣ ማንን ሊያስፈራሩ ነው?” ይለኛል። አባቴ 71 ዓመቱ ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል። ልጆቼ 6 እና 9 ዓመታቸው ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተነስተን ማታ ብንመለስስ? (ግራ የገባት)

መልስ፦ እህቴ፣ ባልሽ ግማሽ እውነት ይዟል። በዓመት አማካይ ሙቀት የዓለምን ክብረ ወሰን የያዘው ዳሎል ነው፤ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተለካው 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። ግን እስቲ አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ በሐምሌ ዳሎል የወረደ ጎብኚ ያውቃል? ሰው ወደዚያ የሚሄደው በአብዛኛው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ያውም ሌሊት ተነስቶ፣ ከአፋር መሪ ጋር፣ ፀሐይዋ ሳትከር ለመመለስ እየተጣደፈ። በዳሎል መማል ካለበት እንግዲህ ሙሉውን ይማል።

ዴዝ ቫሊ በጁላይ ሌላ ነገር ነው። ፈርነስ ክሪክ በሚባለው ቦታ ጁላይ 10 ቀን 1913 የተመዘገበው 56.7 ዲግሪ እስካሁን የዓለም ክብረ ወሰን ነው። ልኬቱን የሚጠራጠሩ ሳይንቲስቶች አሉ፣ ይሁንና የድሮውን ትተን የቅርቡን እንይ። የ2024 ጁላይ ቀንና ሌሊቱ ተደምሮ አማካዩ 42.5 ዲግሪ ነበር። ልብ በይ፣ ሌሊቱ ጭምር! ሸለቆው ጠባብና ጥልቅ ነው፣ ግራና ቀኙ ተራራ ነው፤ የጋለው አየር ወደ ላይ ይወጣና መውጫ ሲያጣ ተመልሶ ይወርዳል፣ ሲወርድ ደግሞ ይበልጥ ይግላል።

መሬቱማ አይወራም። በ1972 ፈርነስ ክሪክ ላይ የአፈሩ ገጽ 94 ዲግሪ ገደማ ተለክቷል፤ ውሃ ሊፈላ ምንም አልቀረውም ማለት ነው። በ2024 ጁላይ አንድ ከቤልጂየም የመጣ ጎብኚ የአሸዋው ክምር ላይ ነጠላ ጫማው ወልቆበት እግሩ ክፉኛ ተቃጠለ። ሄሊኮፕተር ተጠራ፣ ግን ሸለቆው ውስጥ ማረፍ አልቻለም። አየር በጣም ሲግል ይሳሳል፣ ሲሳሳ ደግሞ ሄሊኮፕተሩን የሚሸከመው ነገር ያጣል። ሰውየውን መጀመሪያ በአምቡላንስ ቀዝቀዝ ወዳለ ከፍታ ማውጣት ግድ ሆነ። “አንድ ነገር ቢፈጠር እንደውላለን” የሚለው ነገር እዚያ ብዙም አያስተማምንም። ለነገሩ በአብዛኛው የፓርኩ ክፍል ስልኩም አይሠራም።

እና ጠዋት ሦስት ሰዓት መነሳት? በፍጹም። ሁለት ሰዓት ነድታችሁ የምትደርሱት ልክ ሙቀቱ ሥራ ሲጀምር ነው። ፓርኩ ራሱ በሙቀት ወራት ዝቅ ባለው ክፍል ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ በእግር አትሂዱ ነው የሚለው።

ቲኬቱ ካልተቆረጠ ጉዞውን ወደ ኖቬምበር አዙሩት፤ ከዚያ እስከ ማርች ያለው ጊዜ ምርጥ ነው። ከተቆረጠ ግን እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጆቹን ከነፒጃማቸው መኪና ውስጥ አስገባና በቀጥታ ዳንቴስ ቪው እወጣለሁ። ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፣ ከታች ካለው ሸለቆ በጣም ይቀዘቅዛል፣ መኪናም እስከ ጫፉ ስለሚወጣ አባትሽ አይደክሙም። ከዚያ ቁልቁል ሲታይ ነጩ የጨው ሜዳ፣ ቤድዋተር፣ ከባሕር ወለል በታች 86 ሜትር ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ፊት ለፊት ደግሞ 3,368 ሜትር የሚረዝመው ቴሌስኮፕ ተራራ። ፀሐይ ስትወጣ መጀመሪያ የተራራው ጫፍ ይቀላል፣ ብርሃኑ ቀስ እያለ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ከዚያ ዛብሪስኪ ፖይንት ላይ ለፎቶ አጭር እረፍት፣ ከዚያ ፈርነስ ክሪክ ያለው የጎብኚዎች ማዕከል፣ ከዚያ ወደ ቤት። ቤድዋተርን ከላይ አይታችሁታል፣ ይበቃል። ባልሽ ጨው ላይ ቆሜ ካልተነሳሁ ካለ በጃንዋሪ ብቻውን ይመለስ።

ውሃ ለአንድ ሰው ቢያንስ 4 ሊትር ያዙ፤ ከዚያ በላይ መኪናው ውስጥ ይቀመጥ። ጨው ያለው የሚቀማመስ ነገርም አይጥፋ፣ ውሃ ብቻውን አይበቃም። የአባትሽን መድኃኒት ሐኪማቸውን ሳትጠይቁ አትነሱ፤ በተለይ ሽንት የሚያበዛ ዓይነት ከሆነ ሙቀት ላይ ሰውነትን ቶሎ ያደርቃል። ነዳጅ መንገዳችሁ ላይ ባለችው ፓሩምፕ ከተማ ሙሉ። ትርፍ ጎማ መኖሩን ዓይናችሁ ይየው፣ የዛሬ መኪኖች ብዙዎቹ የላቸውም። ካርታውን ቤት ሳላችሁ ስልክ ላይ ጫኑ፣ አቋራጭ ብሎ ወደ ጥርጊያ መንገድ ሲመራችሁ ግን አትስሙት። መግቢያው የሚከፈለው በካርድ ነው፣ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። መኪናው ከቆመም ትታችሁት አትሂዱ፤ ጥላ ነው፣ ከሩቅም ይታያል።

ጥያቄ፦ ዴዝ ቫሊ ውስጥ ብቻቸውን የሚሄዱትን ድንጋዮች ማየት ፈልጌ ነበር። በኪራይ መኪና ይደረስ ይሆን? (ድንጋይ ወዳዱ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተወው። ድንጋዮቹ ያሉበት ደረቅ ሜዳ፣ ሬስትራክ ፕላያ፣ ለመድረስ ኡቤሂቢ ክሬተር ከሚባለው የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ 43 ኪሎ ሜትር ገደማ ኮረኮንች አለ፣ ድንጋዩ ጎማ ይበላል፣ የኪራይ ውሉም አብዛኛውን ጊዜ ከአስፋልት መውጣትን ይከለክላል። ከፍ ያለ፣ ሞተሩ አራቱንም ጎማ የሚነዳ መኪና ያለው ወዳጅ ካለህ ግን ሂድ። ሲሄዱ አታያቸውም፣ የምታየው ጭቃው ላይ የተዉትን ረጅም ዱካ ነው። ምስጢሩ በ2014 ይፋ ሆኗል፦ በቀዝቃዛ ወራት ሜዳው ላይ ስስ ውሃ ይተኛል፣ ሌሊት በረዶ ይሠራል፣ ረፋድ ላይ በረዶው ተሰባብሮ በቀላል ነፋስ ሲንሳፈፍ ድንጋዩን ይገፋዋል። እኔን የገረመኝ ነፋሱ ኃይለኛ አለመሆኑ ነው። ሜዳው እርጥብ ከሆነ አትርገጠው፣ የጫማህ ቅርጽ ለዓመታት ይቀራል። ድንጋይ ማንሳትም ድሮን ማብረርም ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ የሞት ሸለቆ ያለው ማነው? (ስሙ የከበደው)

መልስ፦ በ1849 ወደ ካሊፎርኒያ ወርቅ ፍለጋ ሲሄዱ መንገድ የጠፋባቸው ሰዎች ናቸው። ቲምቢሻ ሾሾኒ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ግን ከእነሱ በፊት እጅግ ረጅም ዘመን ኖረውበታል፣ ስሙንም አይወዱትም። በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በወጣ ሕግ ከመሬታቸው የተወሰነው ተመልሶላቸዋል፤ መንደራቸው ፈርነስ ክሪክ ነው። ከላይ ለጠየቀችኝ እህት ባል ይነገርልኝ፦ ጥንት ሙቀቱ ሲበረታ እነሱም ሸለቆውን ትተው ተራራ ይወጡ ነበር።