ያሪስ ሃይብሪድ ወይስ ቤንዚኑ ስዊፍት? መጀመሪያ ፍሬንዎን ይቁጠሩ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ አንባቢ ሁለት ያገለገሉ ትንንሽ መኪኖች አግኝተው መምረጥ አቅቷቸዋል። አንዱ 140 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ የ2016 (እ.ኤ.አ.) ቶዮታ ያሪስ ሃይብሪድ ነው፤ ማለትም የቤንዚን ሞተርና ኤሌክትሪክ ሞተር አብረው የሚነዱት። ሌላው 80 ሺህ የሄደ የ2018 ሱዙኪ ስዊፍት፣ ባለ 1.2 ሊትር ቤንዚን፣ ማንዋል ማርሽ። ዋጋው የሚወደደው ያሪሱ ነው። ጠያቂው በሥራ ቀን ደርሶ መልስ 30 ኪሎ ሜትር በተጨናነቀ መንገድ ይነዳሉ፤ በወር አንዴ ደግሞ ደርሶ መልስ 300 ኪሎ ሜትር የሚሆን ረጅም ጉዞ አለባቸው። «ልቤ ወደ ሃይብሪዱ አድልቷል፤ ነገር ግን ያማከርኩት ሰው ሁሉ ባትሪው ይሞትብህና ትከስራለህ ይለኛል» ይላሉ።

እኔ ለእርስዎ የምመርጠው ያሪሱን ነው። ይህን የምለው ግን ከታች የምነግርዎትን ፍተሻ ካለፈ ብቻ ነው፤ ካላለፈ ስዊፍቱን ይዘው ይሂዱ፣ አይቆጭዎትም።

ብዙ ሰው ሃይብሪድ ሲገዛ የሚቆጥረው በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ነው። መቆጠር ያለበት ግን ፍሬን የሚረገጥበት ብዛት ነው። 1,100 ኪሎ ገደማ የሚመዝን መኪና ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ እስኪደርስ ሞተሩ ከ10 ሚሊ ሊትር በላይ ቤንዚን ያቃጥላል። ወዲያው የትራፊክ መብራት ይይዝዎታል፣ ፍሬን ይረግጣሉ፤ ያ ጉልበት በዲስኩና በሸራው መካከል ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። መቶ ጊዜ እንዲህ ተነሥተው መቶ ጊዜ ቢቆሙ ከአንድ ሊትር የሚበልጥ ቤንዚን ፍሬን ላይ ጨረሱት ማለት ነው። ያሪሱ ግን ፍሬን ሲረግጡ ኤሌክትሪክ ሞተሩን እንደ ዲናሞ ያሠራውና ከዚያ ጉልበት ደህና ድርሻውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ሲነሡ ያንኑ ያወጣዋል።

ቆሞ መጠበቅም ሌላ ወጪ ነው። ትንሽ የቤንዚን ሞተር ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ይጠጣል፤ ኤሲ ሲከፈት ደግሞ ይጨምራል። ያሪሱ ሰልፍ ላይ ሲቆም ሞተሩን ያጠፋል። የኤሲው ኮምፕሬሰር በቺንጋ ሳይሆን በኤሌክትሪክ የሚዞር ስለሆነ ሞተሩ ጠፍቶም ማቀዝቀዙን ይቀጥላል። በእርስዎ ዓይነት መንገድ በ100 ኪሎ ሜትር 2 ሊትር ገደማ ልዩነት ብጠብቅ የተጋነነ አይመስለኝም።

ረጅሙ ጉዞ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። በሰዓት 110 ወይም 120 ላይ አንድ ወጥ ፍጥነት ይዘው ሲሄዱ የሚመለስ የፍሬን ጉልበት የለም፤ ያሪሱ በ1.5 ሊትር ሞተሩ እየተነዳ ባትሪውንና ኤሌክትሪክ ሞተሮቹን ተሸክሞ ይጓዛል። ስዊፍቱ 900 ኪሎ ገደማ የሆነ ቀላል መኪና ነው፤ እዚያ ላይ ብዙም አይበለጥም። ሥራዎ አገር አቋራጭ መንገድ ላይ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ሳልጽፍ ስዊፍቱን ይግዙ ብዬ እጨርስ ነበር። ደግሞም ጉዞው ሁሉ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነ ሰው ከሃይብሪድ ተአምር አይጠብቅ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ራሱንና የጭስ ማጣሪያውን (ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን) ለማሞቅ መነሣቱ አይቀርም፤ ሞቆ መጥፋት ሲጀምር እርስዎ ደርሰዋል።

እግረ መንገዴን አንድ ማስጠንቀቂያ ልጣል። ከ2017 ወዲህ የወጡ አንዳንድ ስዊፍቶች «ሃይብሪድ» የሚል ጽሑፍ ኋላቸው ላይ ተለጥፎባቸዋል። የአብዛኞቹ ሲስተም በቺንጋ የሚዞር፣ የዲናሞንና የሞተሪኖን ሥራ አንድ ላይ የሚሠራ ትንሽ ማሽን ነው፤ ሲነሡ ትንሽ ያግዛል እንጂ መኪናውን ብቻውን አንድ ሜትር አያስኬድም። ጥሩ ነገር ነው፣ አልጠላውም። ሻጩ በዚያ ጽሑፍ ምክንያት የሃይብሪድ ዋጋ ከጠራልዎት ግን እንደ ቤንዚን መኪና ቆጥረው ይከራከሩ።

አሁን ወደሚፈራው ባትሪ እንምጣ። በዚህ ያሪስ ውስጥ ያለው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው ዓይነት ነው፤ 120 ሴሎች፣ በድምሩ 144 ቮልት፣ ከኋላ መቀመጫው ሥር። ኮምፒውተሩ ባትሪውን እስከ ጫፍ አይሞላውም፣ እስከ ታችም አያራግፈውም፤ በመካከለኛው ክልል ውስጥ ብቻ እያመላለሰ ያሠራዋል። ረጅም ዕድሜ የሚሰጠውም ይህ ነው። የሚገድለው ሙቀት ነው። ባትሪውን የሚያቀዝቅዝ ማራገቢያ አለ፤ አየር የሚስበው ከተሳፋሪው ክፍል፣ በኋላ መቀመጫው ጎን ካለች የፕላስቲክ ወንፊት ነው። ሰው እዚያ ላይ ጃኬት ይጥላል፣ ካርቶን ይደገፍበታል፣ ውሻ የሚያሳፍርም አለ። ሽፋኑን ሲፈቱት ማጣሪያ ካለው ማጣሪያው፣ ከሌለው የማራገቢያው ምላጮች እንደ ብርድ ልብስ በወፈረ አቧራና ፀጉር ተሸፍነው ያገኟቸዋል። አየር ያጣ ባትሪ በየቀኑ ይጋገራል። ከመሃል ያሉት ሴሎች ቀድመው ይደክማሉ፤ ከዚያ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል፣ ባለቤቱም «ሃይብሪድ አትግዙ» እያለ ያወራል። የአንድ ማራገቢያ ጽዳት ሥራ ነበር።

ስለዚህ መኪናውን ሊያዩ ሲሄዱ መጀመሪያ የኋላውን በር ይክፈቱና ያቺን ወንፊት በባትሪ መብራት ይመልከቱ። አቧራ መኖሩ ብቻውን አያስፈራም። ታፍና ከሆነ ግን ባለቤቱ ሌላውንም ነገር እንዳልተከታተለ ገምቱት።

ቀጥሎ የምርመራ ማሽን ያለው መካኒክ ይያዙ። «ኮድ የለውም» ብሎ እንዲመልስልዎት አይፍቀዱ፤ ኮድ ማለት ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው የብልሽት ቁጥር ነው፣ ሻጩ ጠዋት ሊያጠፋው ይችላል። የሚፈልጉት በብሎክ (በሴሎች ስብስብ) የተከፋፈለውን የባትሪውን ቮልቴጅ መኪናው እየሄደ ማየት ነው። ዳገት ላይ ጠንከር አድርገው ይነዱ፣ ከዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይርገጡ። የብሎኮቹ ቁጥር አብሮ መውረድና አብሮ መውጣት አለበት። አንዱ ብሎክ ሲነዱ ከጓደኞቹ በግልጽ ወደ ታች የሚወርድ፣ ሲሞላ ደግሞ ቀድሞ ሽቅብ የሚወጣ ከሆነ ያ ብሎክ ታሟል። ፒ0ኤ80 የሚባለው ኮድ ከመጣ ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ባትሪው ይቀየር እያለ ነው። ማሽን በሌለበት ዓይንዎን የባትሪ ምልክቱ ላይ ያድርጉ፤ በደቂቃ ውስጥ ከላይ ወደ ታች ወርዶ ወዲያው ተመልሶ የሚሞላ፣ ኋላም ማራገቢያው የሚጮህ ከሆነ የደከመ ባትሪ ነው። መኪናውን አቁመው ኤሲ ከፍተው ይቀመጡበት። ሞተሩ ጠፍቶ ትንሽ ቆይቶ ይነሣል፣ ሞልቶ ይጠፋል። አፍታ ሳይቆይ እየደጋገመ የሚነሣ ከሆነ ይጠርጥሩ።

«ባትሪው ተጠግኗል» ከተባልዎት ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ የሞቱትን ሞጁሎች (የሴል ጥቅሎች) አውጥቶ ከሌላ አሮጌ ባትሪ የወጡ መተካት ነው። ለጊዜው ይሠራል፤ ድካማቸው ያልተመጣጠነ ሞጁሎች አንድ ላይ ሲታሰሩ ግን ቀጣዩ ደካማ ብዙ አይቆይም። እንዲህ የተጠገነ መኪና ሲገዙ ዋጋውን ባትሪ እንደሌለው አድርገው ይደራደሩ።

ከዚህ ትልቅ ባትሪ የተለየ ሌላ ባትሪም አለ፤ ተራው 12 ቮልት። ሃይብሪዱ ሞተሪኖ ስለሌለው ትንሿ ባትሪ ሞተር አታስነሣም፤ ኮምፒውተሮቹን መቀስቀስና የትልቁን ባትሪ ማገናኛ መዝጋት ብቻ ነው ሥራዋ። ስትደክም ግን መኪናው «ሬዲ» (ለመሄድ ዝግጁ ነኝ) አይልም፤ ዳሽቦርዱ የገና ዛፍ ይሆናል፣ አምስት ስድስት ማስጠንቀቂያ ባንድ ጊዜ ይበራል። ትልቁ ባትሪ ሞተ ተብሎ በጎታች መኪና ጋራዥ ከሚመጡት ውስጥ በዚች ትንሽ ባትሪ ብቻ የሚመጡት ጥቂት አይደሉም። ገዝተው ከወሰዱ በኋላ መኪናውን ለሳምንታት የሚያቆሙት ከሆነ መጀመሪያ የምትተኛው እሷ ነች።

የቀረውን ፍተሻ ቶሎ ልበል። ኮፈኑ ሥር ሁለት የማቀዝቀዣ ውሃ ዕቃ አለ፣ አንዱ የሞተሩ፣ ሌላው የኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለኤሌክትሪክ ሞተሮቹ የሚቀይረው መሣሪያ)፤ ሁለቱም ሙሉና ንጹሕ መሆን አለባቸው፣ የኢንቨርተሩን የሚያይ ሰው ጥቂት ነው። የፍሬን ዲስኮቹን በጎማው ቀዳዳ አጮልቀው ይዩ፤ ሃይብሪድ ሸራውን ብዙ ስለማይጠቀምበት ሸራው ሳያልቅ ዲስኩ ይዝጋል፣ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው የካሊፐሩ ፒንም ይነክሳል። ኤሲው ተሞልቶ ከሆነ ማን እንደሞላው ይጠይቁ። የኤሌክትሪክ ኮምፕሬሰሩ የራሱ ዓይነት ዘይት አለው፤ በቺንጋ ለሚዞር ኮምፕሬሰር የሚገባው የተለመደው ዘይት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ በትንሹም ቢቀላቀል ሲስተሙ የኢንሱሌሽን ስህተት (ኤሌክትሪክ ወደማይገባበት ይፈሳል የሚል) ሊያወጣና መኪናውን ሊያቆም ይችላል። ብርቱካንማ ቀለም ያላቸውን ኬብሎች ደግሞ እርስዎም ሆኑ ያልሠለጠነ መካኒክ አይንኩ። ኢንቨርተሩ 144ቱን ቮልት ከ500 በላይ ያደርሰዋል።

ኪሎ ሜትሩ 140 ሺህ መሆኑ ጠያቂውን ሳያስፈራቸው አልቀረም። እኔን ብዙ አያስጨንቀኝም። በየቀኑ እየተነዳ፣ ዘይቱ በሰዓቱ እየተቀየረ 140 ሺህ የደረሰ ሃይብሪድ፣ ዓመት ሙሉ ግቢ ውስጥ ቆሞ 60 ሺህ ላይ ካለው ይሻለኛል። የሚቆም ሃይብሪድ ባትሪው ኃይሉን በራሱ እያጣ ያረጃል። በተጨማሪም ይህ ሞተር ካቴና እንጂ የታይሚንግ ቺንጋ የለውም፤ ፍሪሲዮን፣ ሞተሪኖ፣ ዲናሞ የሚባልም የለበትም፤ የውሃ ፖምፓውም በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ከውጭ የሚበጠስ ቺንጋ አያገኙበትም። ሰዎች የሚጨመረውን ባትሪ ሲቆጥሩ የተቀነሰውን አይቆጥሩም።

ስዊፍቱን ማየት ቀላል ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ እያለ ያስነሡት፤ መጀመሪያ ሰከንዶች ላይ ከካቴናው በኩል የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ከቆየ ዘይት ሳይቀየርለት ነድተውታል። ለፍሪሲዮኑ በአራተኛ ማርሽ ቀስ ብለው እየሄዱ ቤንዚኑን እስከ ታች ይርገጡ፤ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ መኪናው ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል። በተጨናነቀ መንገድ የተነዳ ማንዋል ከሆነ 80 ሺህ ላይ ይህ ሊደርስ ይችላል፤ እርስዎም በዚያው መንገድ ቀን በቀን የግራ እግርዎን ሲያሠሩት እንደሚውሉ አይርሱ። የስዊፍቱ ትልቁ ጸጋ የትም ቦታ የትኛውም መካኒክ የሚፈታው መኪና መሆኑ ነው። በሚኖሩበት አካባቢ ሃይብሪድ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ይህ ነጥብ ብቻውን ከቤንዚን ቁጠባው ይበልጣል። የዕቃ ቦታ ላይ የሚያጣላ ልዩነት የለም፤ ያሪሱ 286 ሊትር፣ ስዊፍቱ 265።

ሒሳቡን በገንዘብ ሳይሆን በሊትር ይሥሩት። በእርስዎ አነዳድ፣ በዓመት 300 የሥራ ቀን ብንቆጥር፣ የተጨናነቀው መንገድ 9,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ በ100 ኪሎ ሜትር 2 ሊትር ከተቆጠበ 180 ሊትር። ረጅሙን ጉዞ ዜሮ አድርጌ ትቼዋለሁ። አሁን በሁለቱ መኪኖች ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት እርስዎ በሚቀዱበት የአንድ ሊትር ዋጋ ያካፍሉት። 500 ሊትር ከመጣ ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ይመለሳል፣ ያሪሱን ይግዙ። 1,500 ሊትር ከመጣ ከስምንት ዓመት በላይ ነው፤ ያኔ ወይ ሻጩ ይቀንስ፣ ወይ ስዊፍቱ ይሁን።

ለሻጩ ከመሄድዎ በፊት ስልክ ደውለው ሁለቱንም መኪኖች ሳያስነሡ እንዲጠብቁዎት ይንገሩ። ሲደርሱ እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ። ሞቆ ካገኙት ሌላ ቀን ጠዋት ይመለሱ።