ዙም እና ዶሊ ያው ናቸው?

ሰሞኑን አንድ ጀማሪ የካሜራ ልጅ «ጋሼ፣ ዙም እና ዶሊ አንድ አይደሉም እንዴ? ሁለቱም ምስሉን ያቀርባሉ» ብሎ ጻፈልኝ። በሁለት መስመር መልሼለት ልተኛ ነበር። እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እኔ በእሱ ዕድሜ ይህን ጥያቄ አልጠየቅኩም። ከዜና ክፍል ነበር የመጣሁት፣ እዚያ ሥራው ትራይፖድ ተክሎ በዙም መሳብ ነው። የመጀመሪያ የድራማ ቀረጻዬ ላይ አዘጋጁ ሌላ ክፍል ውስጥ ሥራ ስለበዛበት ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፈና ሰጠኝ፦ «ደብዳቤውን ሲያጥፉ ዶሊ ኢን፣ ቀስ ብሎ።» ዶሊ የሚለውን ቃል ሰምቼዋለሁ፣ ግን ለዙም የተሰጠ ሌላ ስም ነበር የሚመስለኝ። ጥግ ላይ የቆመውን ባለ ጎማ ጋሪ ደግሞ የዕቃ ማመላለሻ አደረግኩትና ጃኬቴን ሰቀልኩበት። አዘጋጁ ያለበት ክፍል አሥር እርምጃ አይርቅም። ሄጄ ልጠይቅ አስቤ ነበር። አፈርኩ።

ተዋናዩ አዛውንት ናቸው። ደብዳቤውን አነበቡ፣ ለሁለት አጠፉት፣ እንደገና አጠፉት፣ ከዚያ አውራ ጣታቸውን እጥፋቱ ላይ ደጋግመው አስኬዱት። ቃል አልተነፈሱም። እኔም በዙም ቀስ ብዬ ሳብኳቸው፣ እጄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፣ ኮራሁ።

ያኔ በ16 ሚሊሜትር ፊልም ነው የምንቀርጸው፣ ባለ 400 ጫማ ጥቅል 11 ደቂቃ ገደማ ይዞ ያልቃል። የቀረጽከውን የምታየው ታጥቦ ሲመለስ ነው። ሲመለስ አዛውንቱ ሄደዋል፣ ክፍሉም ፈርሷል። ሸራው ላይ ሳየው ፊታቸው አደገ፣ ከጀርባቸው ያለው ግድግዳም እኩል አደገ፣ ተያይዘው መጡ። ሰውየው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ፎቶ መሰሉ። አዘጋጁ መልሶ አየውና መብራት አብሩ አለ። ሌላ ነገር አልተናገረም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጄ፣ ልዩነቱ ይኸው ነው። ዙም ስታደርግ ካሜራው ከቦታው አይነቃነቅም፣ ሌንሱ ቅርቡንም ሩቁንም በእኩል መጠን ያጎላል። ዶሊ ላይ ግን ካሜራው ራሱ ይሄዳል፣ ያኔ ጃኬቴን በሰቀልኩበት ዓይነት ባለ ጎማ ጋሪ ላይ ሆኖ፤ ቅርብ ያለው ሰው ቶሎ ያድጋል፣ ሩቅ ያለው ግድግዳ ወደኋላ ይቀራል፣ ተመልካቹም ወደ ሰውየው የተጠጋ ያህል ይሰማዋል። ጓደኛህን መስኮት ፊት አቁምና በስልክህ ሁለቱንም ሞክር፣ መስኮቱን እያየህ።

ሌሎቹን የካሜራ እንቅስቃሴዎች፣ ፓን ምንድነው፣ ቲልት ምንድነው የሚለውን አልነግርህም፣ የትም ታገኘዋለህ። የእናንተ ዘመን ልጆች ስም በመሸምደድ ማን ይችላችኋል! ግን ሰው ቡና ሲቀዳ ሳይቀር ስሎው ሞሽን ታደርጉታላችሁ፣ ድሮን ካልተነሳ ፊልም አይመስላችሁም። ደግሞ ሾት አታስቆዩም። ሰውየው ተናግሮ ሲጨርስ ካሜራውን ቶሎ አታጥፉ፣ አምስት ሰከንድ ጨምሩ፣ ኤዲተሩ ይመርቃችኋል።

ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ መስመር አስምርና ካሜራህን ከመስመሩ አንድ ወገን አታሻግር፣ ያለዚያ ሲቆረጥ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ይመስላሉ። እኔ ስማር አሮጌ ረዳታችን መስመሩን በጠመኔ ወለሉ ላይ ያሰምርልን ነበር፣ አንዴ ጠመኔው ፍሬም ውስጥ ገብቶ ሙሉ ቀን አቃጥሎብናል።

ቃላቱ ያን ያህል አያስጨንቁህ፣ ዋናው ዓይን ነው እላለሁ ሁሌም። እኔን ያዋረደችኝ ግን አንዲት ቃል ናት፣ እንግዲህ የቱን እንደምትይዝ አንተ ታውቃለህ።

ይህን ሁሉ ጻፍኩለት። ጠዋት መልስ ልኳል፦ «ጋሼ፣ ገባኝ። ግን አሥር እርምጃ ነበር ብለዋል፣ ያኔ ለምን አልጠየቁም?»

እስካሁን አልመለስኩለትም።