«ጠንካራ ብረት» ስትሉ የትኛውን ማለታችሁ ነው?

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ተለማማጅ ልጅ የተሰበረ ሻፍት (ማሽን ውስጥ የሚዞር ዘንግ) ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ጠንካራ ብረት እናሠራለት» አለኝ። ሳቄ መጣ። በሱ ዕድሜ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር።

ልጆቼ፣ «ጠንካራ» የምትለዋ ቃል ታሳስታለች። ሊማ ጠንካራ ነው፣ ሌላውን ብረት ይሞርዳል፤ ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ ግን ለሁለት ሊል ይችላል። ፌሮ በመጋዝ ይቆረጣል፣ ብታጥፉት ግን አይሰበርም። ከደሴ ሐረጎን ስትወርዱ የከባድ መኪና ፍሬን ይሸታችኋል አይደል? ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፍበት ከበሮ አብዛኛውን ጊዜ ጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት፣ ነው። ጊዛ ከ2 በመቶ በላይ ካርቦን አለው፤ ፍትጊያና ሙቀት ይችላል፣ የመዶሻ ምት ግን አይወድም። ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁ፦ የፈራችሁት እንዳይፋቅ ነው፣ እንዳይሰበር ነው ወይስ እንዳይጎብጥ?

እንዳይጎብጥ ከሆነ፣ ማለትም ጭነት ሲያርፍበት ለጊዜው እንዳይለመጥ ከሆነ፣ ውድ ብረት ፍለጋ አትልፉ። ተራውም ውዱም ብረት በዚህ በኩል ያው ነው፣ ግትርነቱ 200 ጊጋፓስካል አካባቢ። ውፍረት ጨምሩ። የድፍን ሻፍት ዲያሜትር እጥፍ ሲሆን ላለመጉበጥ ያለው አቅም 16 እጥፍ ያድጋል።

የኔ ጉድ ግን መሰበር ላይ ነበር። ወጣት ሳለሁ በምሠራበት ፋብሪካ አንድ ሻፍት ተሰበረ። አስበየድኩት፤ ብየዳው አጠገብ ተሰበረ። ከዚያ በሙቀት የጠነከረ ውድ ብረት አስገዛሁ። እሱማ ከመጀመሪያውም ቀድሞ ሄደ! አለቃዬ ያኔ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም።

ነገሩን የፈቱት ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ያረጁ ሰውዬ ናቸው። ስብራቱን በነጭ ጋዝ ጠርገው ወደ መስኮቱ አስጠጉት። አብዛኛው ገጽ ልስልስ ነው፤ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ቀጫጭን መስመሮች አሉት። ዳር ላይ ብቻ ትንሽ ሻካራ ቦታ አለ። መስመሮቹን በጥፍራቸው ወደ ኋላ ተከተሉ። የኪይ (ሻፍቱንና የተገጠመበትን ዕቃ አብሮ የሚያዞር ቁራጭ ብረት) መግቢያው ቦይ ጥግ ላይ ቆሙ፤ ጥጉ እንደ ምላጭ ስል ነበር። ጭነቱ እዚያች ጥግ ላይ ይከማቻል፤ ሻፍቱ በዞረ ቁጥር ስንጥቁ በጥቂቱ ይረዝማል፤ መስመሮቹ የዚያ ዱካ ናቸው። የጠነከረ ብረት ደግሞ ስል ጥግ ሲያገኝ ይብስበታል። ሰውዬው ተራ ብረት አስመጥተው፣ ጥጉን አክብበው ሠሩት። ፋብሪካውን ስለቅ ያው ሻፍት እየዞረ ነበር።

ለተለማማጁ ልጅ ጨርቅና ነጭ ጋዝ ሰጠሁት። መስኮቱ ጋ ቆሞ ብዙ አየው። «ጋሼ፣ የዚህ እኮ ከኪዩ አይደለም» አለ። እውነቱን ነው። መስመሮቹ የሚጀምሩት ኩሽኔታው ከሚያርፍበት፣ ሻፍቱ በድንገት ከሚቀጥንበት ደረጃ ሥር ነበር።