ብቻዬን ብጾምና ብሰግድ ንስሐ አይሆነኝም ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎት። አሜሪካ የምኖር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በእንግሊዝኛ ክፍላችን የናታኒኤል ሆውቶርንን «ዘ ስካርሌት ሌተር» እያነበብን ነው። ስለ መጽሐፉ የተሰማችሁን ጻፉ ተብለናል። እኔ ግን ገና ከጅምሩ ተረበሽኩ። ታሪኩ ስለ ዝሙት ነው፤ አጥፊው ደግሞ ሰባኪ ሆኖ ተገኘ። ይህን ማንበብ ኃጢአት ይሆንብኛል? ሌላው፣ ሰባኪው በድብቅ ሲጾምና ራሱን ሲገርፍ ሳነብ ደነገጥኩ። እኔም ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለኝ። ለንስሐ አባቴ መናገር ስለማፍር፣ በራሴ ጾምና ስግደት ጨምሬ እየቀጣሁ ነው። እግዚአብሔር ያየኛል አይደል? ይህ አይበቃም?

መልስ፦ ልጄ፣ እንዲህ በግልጽ ስለጻፍሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

መጽሐፉን ማንበብሽ ኃጢአት አይደለም። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ስለሚያነቡት እኔም አንብቤዋለሁ። ዝሙትን አያስጌጥም። ታሪኩ የሚጀምረው ኃጢአቱ ከተሠራ በኋላ ነው፤ የታሪኩ ዋና ሴት ሄስተር ፕሪን የሦስት ወር ሕፃን ታቅፋ፣ ደረቷ ላይ የዝሙቷ ምልክት የሆነውን ቀይ ፊደል ለጥፋ ከእስር ቤት ስትወጣ። ነቢዩ ናታንስ ዳዊትን ሊገሥጽ ሲሄድ ምን ነገረው? አንዲት በጉን ስለተቀማ ድኻ ታሪክ ነገረው። ዳዊት በታሪኩ ባለጸጋ ላይ ተቆጣ። ወዲያው «ያ ሰው አንተ ነህ» ተባለ (2ኛ ሳሙ. 12፥7)። አንቺንም የነካሽ እንዲህ ያለ ነገር ይመስለኛል። ስለዚህ መደንገጥሽን አልጠላሁትም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። አይበቃም፣ ልጄ። ይህን ሳላለሳልስ የምነግርሽ ስለማዝንልሽ ነው።

ይህን ስሕተት ስንት ጊዜ እንዳገኘሁት አልነግርሽም። ከጉባኤ በኋላ ጠጋ ብለው የሚያናግሩኝ ብዙዎች ናቸው። የታዘዘውን ጾም ሁሉ ይጾማሉ፤ በዚያ ላይ የራሳቸውን ይጨምራሉ። ሌሊት ተነሥተው እስኪዝሉ ይሰግዳሉ። ከቁርባን ግን ዓመታት ርቀዋል። ለምን ሲባሉ «አንድ ነገር አለብኝ፣ እሱን ራሴ እየከፈልኩ ነው» ይላሉ። አንዳንዶቹም «ጌታ መዝጊያህን ዘግተህ ጸልይ ብሎ የለም ወይ?» ብለው ይጠቅሱልኛል። ብሏል። ያን ያለው ግን ሰው እንዲያያቸው አደባባይ ላይ ለሚጸልዩ ነው። ያው ጌታ ከለምጽ ያነጻውን ሰው «ሂድና ራስህን ለካህን አሳይ» ብሎታል (ማቴ. 8፥4)።

ሰባኪውን ዲምስዴልን ተመልከቺው። ጉልበቱ እስኪብረከረክ ይጾማል። ሌሊቱን በትጋት ያድራል። ቁም ሣጥኑ ውስጥ በደም የተነከረ አለንጋ ደብቋል። ይህን ሁሉ እያደረገ ሰባት ዓመት ሙሉ እየከሳና እየመነመነ ሄደ። መጨረሻ ላይ ጫካ ውስጥ ለሄስተር ራሱ ይነግራታል፤ ቅጣቱ ከበቂ በላይ ነበረ፣ ንስሐው ግን ከቶ አልነበረም ይላታል። እኔ በአንድ ሰዓት ስብከት የማልችለውን ነገር ነው በአንድ አፍ የተናገረው።

ከሁሉ ይበልጥ የቆምኩበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ዲምስዴል ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሞ «እኔ ከኃጢአተኞች ሁሉ የከፋሁ ነኝ» ይላል። ሕዝቡም ይህን ሲሰማ ይበልጥ ያከብረዋል። ይህ ቅዱስ በራሱ ላይ ይህን ያህል ኃጢአት ካየ በእኛ ላይማ ምን ያይ ይሆን ይላሉ። እሱም እንዲህ እንደሚሉ ያውቃል! እውነት ተናገረ፣ ግን በእውነቱ ውስጥ ተደበቀ። እኛስ? ንስሐ አባታችን ፊት ቀርበን «አባ፣ ያው እንደ ሰው ኃጢአተኛ ነኝ፣ በማወቅም ባለማወቅም የበደልኩትን ይፍቱኝ» ብለን ጎንበስ እንላለን። አባም ምን እንደሚፈቱ ሳያውቁ ይቀራሉ። ይህ ኑዛዜ አይደለም። ዘኬዎስ ጌታ ፊት ቆሞ ግማሽ ሀብቱን ለድኾች፣ በሐሰት የከሰሰውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ (ሉቃ. 19፥8)። ኃጢአቱን በስሙ ጠራው።

ስለ ዘመኑ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅምሻል። መጽሐፉ የታተመው በ1850 እ.ኤ.አ. ነው፤ ታሪኩ ግን በ1640ዎቹ ቦስተን ላይ የሆነ ተደርጎ የተጻፈ ነው። ከተማዋን የሚገዟት ፒዩሪታኖች የሚባሉ ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። ጸሐፊው ያን ማኅበረሰብ ከሩቅ አይደለም የሚያውቀው፤ የገዛ ቅድመ አያቱ አባት በ1692 በሴለም ከተማ በጥንቆላ በተከሰሱ ሰዎች ላይ ከፈረዱት ዳኞች አንዱ ነበር። ፒዩሪታኖች ለካህን በምሥጢር መናዘዝን አይቀበሉም። ስለዚህ ሰባኪው የሚታየው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ወይ ሕዝብ ፊት መዋረድ፣ ወይ ዝም ማለት። ሄስተር ሕዝብ ፊት እንድትዋረድ መድረክ ላይ ሦስት ሰዓት ስትቆም እሱ ከላይ ሰገነት ላይ ከሹማምንቱ ጋር ነበር። ጭራሽ አባሪሽን ተናገሪ ብሎ የመከራትም እሱ ነው። ለማመንዘር ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ የቆመችው ግን እሷ ብቻ ናት። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ላይ ያመጧትም ሴቲቱን ብቻ ነበር። ይህን ሳነብ አሁንም ይቆጨኛል።

አንቺ ግን ሌላ መንገድ አለሽ። ማንም አደባባይ አያወጣሽም። የምትናገሪው ለአንድ አባት ነው፤ እሱም የሰማውን ማውጣት ፈጽሞ አይፈቀድለትም። «እግዚአብሔር ያየኛል» ብለሻል። እግዚአብሔርማ ዳዊትንም ያየው ነበር። ግን ልጁ እስኪወለድ ዝም ብሎ ለከረመው ንጉሥ ናታንን ላከለት። ዳዊት በዚያ ሰው ፊት «እግዚአብሔርን በድያለሁ» አለ፤ ወዲያው «እግዚአብሔር ኃጢአትህን አርቆልሃል፣ አትሞትም» የሚለውን ሰማ (2ኛ ሳሙ. 12፥13)። ልጄ፣ ይህን ቃል ለራስሽ ልትነግሪው አትችዪም። ሌላ ሰው በእግዚአብሔር ሥልጣን ሊነግርሽ ይገባል።

ጾሙና ስግደቱ ክፉ ሆኖ አይደለም። ግን ቀኖና የሚሰጠው አባት ነው። በሽተኛ መድኃኒቱን ለራሱ አያዝም፤ ካዘዘም ወይ ያንሰዋል ወይ ይገድለዋል። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ትምህርት አለብሽ፤ ሰውነትሽን እንዲህ መጉዳት ማንም አላዘዘሽም። ዛሬውኑ የጨመርሽውን አቁሚ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጾም ይበቃሻል።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ሰባኪው ቤት ውስጥ አብሮት የሚኖረው ሐኪም ቺሊንግወርዝ የሄስተር ባል ነው፤ ቀን ከሌት ምሥጢሩን እየቆፈረ ያሠቃየዋል። ዲምስዴል በመጨረሻ መድረኩ ላይ ወጥቶ ሲናገር ያ ሰው ምን አለ? በምድር ሁሉ ላይ ከእኔ የምታመልጥበት ቦታ ይህ ብቻ ነበር አለ። ጠላት በተደበቀው ላይ ነው ኃይል ያለው። ዲምስዴል ግን እዚያው ወድቆ ሞተ። የዘገየው ብዙ ነው። አንቺ እስከዚያ አትቆዪ።

እፍረትሽን እረዳለሁ። በውጭ አገር አጥቢያው ትንሽ ነው፤ አባም እናትሽን ያውቃሉ፤ እሑድ እሑድ ዓይን ለዓይን ትገናኛላችሁ። በጣም ከከበደሽ ሌላ አጥቢያ ያሉ አባት ዘንድ ሂጂ፤ ይቻላል። ከተቻለ በስልክ አይሁን፣ በአካል ቅረቢ። ቃሉ ከጠፋሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ አንብቢላቸው፤ ሲያበቃ ቅደጂው። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ናት የምታንቀው። «አባ፣ ለመናገር የሚያሳፍረኝ ነገር አለ» ብለሽ ጀምሪ፤ ቀሪውን እሳቸው ያግዙሻል። ከዚህ በፊት ያልሰሙትን ነገር የምትነግሪያቸው እንዳይመስልሽ።

የትምህርት ቤቱን ጽሑፍ በተመለከተ፣ መጽሐፉ እንደረበሸሽ ጻፊ። ለምን እንደሆነም ንገሪያቸው፤ ሰገነት ላይ ስለቆመው ሰባኪ ጻፊ፣ ብቻዋን ስለቆመችው ሴት ጻፊ። የራስሽን ነገር ግን እዚያ ላይ አትጻፊው። እሱ የአስተማሪሽ አይደለም፤ የንስሐ አባትሽ ነው።