ውሻዬ ላይ እብጠት አገኘሁ፣ ልፍራ?

ጥያቄ፦ 9 ዓመት የሆናት ውሻ አለችኝ። ትናንት ስዳብሳት ጎኗ ላይ ባቄላ የሚያህል እብጠት አገኘሁ። ስነካው አያማትም። ልጠብቅ ወይስ ሐኪም ጋ ልውሰዳት?

መልስ፦ አይዞሽ፣ አትደንግጪ። ዕድሜያቸው የገፋ ውሾች ላይ እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ የስብ እብጠት ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ስትነኪው ከቆዳው ሥር ወዲያ ወዲህ የሚል። ግን ዳብሶ ብቻ “ስብ ነው” ብሎ መተው አይቻልም፣ ሐኪምም ቢሆን፤ ምክንያቱም ማስት ሴል የሚባለው የቆዳ ካንሰር ልክ ስብ መስሎ ሊቀመጥ ይችላል፣ አንዳንዴም አብጦ መልሶ ይቀንሳል፣ ሰውን የሚያዘናጋውም ይሄ ነው። እባክሽ አትጭመቂው። በማስመሪያ ለኪው፣ ፎቶ አንሺው፣ ቀኑን ጻፊ። ከ1 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ወይም 1 ወር ከቆየ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰድለት፤ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፣ ብዙ ጊዜ ማደንዘዣም አይፈልግም። ቶሎ ካደገ፣ ከጠጠረ፣ ከቆሰለ ወይም ከደማ ግን ወር አትጠብቂ፣ በዚሁ ሳምንት ውሰጃት። ጡቶቿንም አንድ በአንድ ዳብሺ፣ በተለይ እንዳትወልድ ተብሎ ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና ካልወጣ። እዚያ የተገኘ እብጠት ትንሽም ቢሆን መታየት አለበት።