ልጅ ከማን እንደተወለደ ማወቅ አለበት ወይ? ከደሴና ከኮምቦልቻ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በደሴ ከተማ በማኅበራዊ ሠራተኝነት ስሠራ ብዙ የጉዲፈቻ መዝገቦችን አይቻለሁ፤ ከመዝገቡ በኋላ ያለውን የቤት ኑሮም በቅርብ ተከታትያለሁ። ስለ ጉዲፈቻ ልጆችና በሌላ ሰው የዘር ፍሬ ስለተወለዱ ልጆች ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት ከደረሱኝ ጥያቄዎች የተወሰኑትን ከዚህ በታች መልሻለሁ። የጠያቂዎቹን ማንነት የሚያሳውቅ ነገር አስቀርቻለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፣ ልጁ ማወቅ እንዳለበት፣ ይህንንም ከአሳዳጊዎቹ አፍ፣ ገና በሕፃንነቱ መስማት እንደሚገባው አምናለሁ።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሆጤ)፦ ሴት ልጄን በፍርድ ቤት በጉዲፈቻ የወሰድኳት የሦስት ወር ጨቅላ ሳለች ነው። አሁን አምስት ዓመቷ ነው። መቼ ልንገራት? ምን ብዬስ ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ አሁኑኑ ይጀምሩ። ብዙ ወላጆች «ነፍስ ስታውቅ እነግራታለሁ» ይላሉ፤ ነገር ግን ልጅ ነፍስ ካወቀች በኋላ በድንገት የምትሰማው እንዲህ ያለ ነገር እንደ መርዶ ነው የሚሆንባት። በአምስት ዓመቷ የሰማችው ግን ከስሟ ጋር አብሯት ያድጋል፤ መቼ እንደተነገራት እንኳ አታስታውስም። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ሱዛን ጎሎምቦክ የተመራውና በለጋሽ ዘር ፍሬ ወይም በሌላ ሴት ማህፀን የተወለዱ ልጆችን 20 ዓመት እስኪሞላቸው የተከታተለው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ውጤት፣ ሰባት ዓመት ሳይሞላቸው የተነገራቸው ልጆች ዘግይተው ከሰሙት ይልቅ ከእናቶቻቸው ጋር የተሻለ ግንኙነት እንዳላቸው አሳይቷል።

ቃሉ አጭርና እውነት ይሁን። «አንቺን የወለደችሽ ሌላ እናት ናት። በዚያን ጊዜ ልታሳድግሽ አልቻለችም። እኔና አባትሽ ዳኛ ፊት ቀርበን ልጃችን እንድትሆኚ ጠየቅን፤ ዳኛውም ፈቀደ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጃችን ነሽ» ማለት ለዕድሜዋ ይበቃል። «ጥላሽ ሄደች» አይበሏት፤ ልጅ «የተጣልኩት ምን አጥፍቼ ነው?» ብላ ራሷን ትጠይቃለችና። «ከሰማይ ወረድሽልን» ማለትም ነገ መልሰው የሚያፈርሱት ወሬ ነው። ከማን ሆድ እንደወጣች ደጋግማ ብትጠይቅ አይደንግጡ፤ ልጆች የገባቸውን ነገር የሚያጸኑት ደጋግመው በመጠየቅ ነው። በጠየቀችው ልክ ይመልሱላት።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጅቷን ይዘው ሲመጡ ያዩ ጎረቤቶች አሉ። ቡና ላይ የተወራውን የጎረቤት ልጅ ይሰማዋል፤ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ በተነሣች ጠብ «አንቺ እኮ የእሷ ልጅ አይደለሽም» ይላታል። ያን ቀን ልጅዎ «አውቃለሁ፣ እማዬ ነግራኛለች» ብላ ጨዋታዋን እንድትቀጥል ከፈለጉ ቀድመው የነገሯት እርስዎ መሆን አለብዎት።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ልጃችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት፤ የወለድናት ሳንሆን ያሳደግናት መሆናችንን አታውቅም። በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ስለ ደም ዓይነት ተምራ መጣችና የእኔንና የእናቷን ጠየቀችን። ሁለታችንም ኦ ነን፤ እሷ ግን ባለፈው ሆስፒታል ስትመረመር ኤ ናት ተብላለች። ደብተሯ ላይ ሠንጠረዥ ሠርታ «አባዬ፣ ይቺን ኤ ማን ሰጠኝ?» አለችኝ። የላብራቶሪ ስሕተት ይሆናል አልኳት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅዎ የተማረችው ትክክል ነው። ልጅ ከእያንዳንዱ ወላጁ አንድ አንድ የደም ዓይነት ዘረመል ይወርሳል፤ ኦ የሆነ ሰው ሊያወርስ የሚችለው ኦን ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁለት ኦ ወላጆች የኤ ልጅ አትወለድም፤ በጣም ጥቂት ከሆኑ ለየት ያሉ አጋጣሚዎች በቀር። ልጅቷ ይህን በራሷ እጅ ሠርታ ስላየችው «ስሕተት ነው» የሚለው መልስ ብዙ አይቆይም። ነገ ጓደኛዋን ወይም መምህሯን ትጠይቃለች፤ ያኔ የሚያማት የደሟ ዓይነት ሳይሆን ዓይኗ እያየ መዋሸትዎ ነው።

በዚህ ሳምንት፣ እናቷም ባለችበት፣ ሌላ እንግዳ በሌለበት ሰዓት አስቀምጠው ይንገሯት። በመጀመሪያ «የጠየቅሽኝ ጥያቄ ልክ ነበር፤ እኔ ግን ደንግጬ ትክክለኛውን አልመለስኩልሽም» ይበሉ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከእናንተ ይህን ቃል አስቀድሞ መስማት ይፈልጋል። ቀጥሎ የምታውቁትን ሁሉ፣ ወላጅ እናቷ ማን እንደነበረች፣ ከየት እንደመጣች፣ ለምን እንደሰጠቻት ሳትደብቁ ንገሯት። የፍርድ ቤት ውሳኔ ካለ አውጥታችሁ በእጇ ስጧት። ልታለቅስ ትችላለች፤ ክፍሏን ዘግታ ልትውል፣ ጥቂት ቀንም ላታናግራችሁ ትችላለች። ይህ እናንተን መካድ አይደለም። አትጫኗት፤ ምግቧን ግን እንደ ወትሮው አብራችሁ ብሉ፤ ማታም ክፍሏን አንኳኩታችሁ ደኅና እደሪ በሏት። በጣም ከከበዳት የሥነ ልቦና ባለሙያ ታማክራት።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)፦ ሕጉ ምን ይላል? ከተነገረውና ወላጅ እናቱን ካገኘ ትወስድብናለች ብለን ፈርተናል።

መልስ፦ የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ወላጆቹን ወይም በሕግ የማሳደግ መብት ያላቸውን ሰዎች የማወቅና እንክብካቤያቸውን የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 7 በተቻለ መጠን ወላጆቹን የማወቅ መብት ይሰጠዋል። ጉዲፈቻን በሚመለከት የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ሲሆን፣ ክልላችንም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አጽድቋል። የፌዴራሉ ሕግ በአንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደማይቋረጥ፣ ነገር ግን ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ ግድ በሚሆንበት ጊዜ የጉዲፈቻ ቤተሰቡ ቅድሚያ እንዳለው ያስቀምጣል። ስለዚህ ፍርሃታችሁን ሕጉ ራሱ መልሶላችኋል። ፍርድ ቤት ያጸደቀው ጉዲፈቻ ወላጅ እናት ሐሳቧን ስለለወጠች አይፈርስም፤ የሚፈርሰው አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ሲያሠራው፣ ከሥነ ምግባር ውጭ በሆነ ተግባር ገቢ ማግኛ ሲያደርገው ወይም የወደፊት ሕይወቱን ክፉኛ በሚጎዳ ሁኔታ ሲይዘው ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ጉዲፈቻው በፍርድ ቤት ከጸደቀ ነው። በቃል ስምምነት፣ በሽማግሌ ፊት ብቻ ልጅ የወሰዳችሁ ሰዎች በከተማችን ጥቂት አይደላችሁም፤ እባካችሁ ወደ ፍርድ ቤት ሂዱና ሕጋዊ አድርጉት፣ በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤትም አስመዝግቡት።

ጥያቄ (ከአንዲት እናት፣ ደሴ)፦ ልጄ፣ እኛ ስንት የሰው ልጅ አሳድገን ድረናል። ያደገበት ቤት ቤቱ ነው። የተዳፈነውን እሳት መቆስቆስ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ እማማ፣ ያሳደጉት ያድግልዎ። ያደገበት ቤት ቤቱ እንደሆነ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን በድሮው የወሎ ገጠር፣ በአምባሰልም ሆነ በቃሉ፣ የአክስቱ ወይም የአጎቱ ቤት ያደገ ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ አገሩም ያውቅ ነበር። ምስጢሩ የበዛው ሰው ከአገሩ ወጥቶ ከማያውቀው ጎረቤት ጋር መኖር ሲጀምር ይመስለኛል። በክርስቲያኑ ዘንድ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ተቀምጦ ሰባት ቤት ይቆጥራል። የልጁ እውነተኛ ትውልድ ከተደበቀ ያ ቆጠራ ምን ዋጋ አለው? ኮምቦልቻ የምትማር ልጅ ሐይቅ ካደገ ወንድሟ ጋር ሳታውቅ ብትተጫጭ ጥፋቱ የማን ነው? ይህን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል፤ ስለዚህ ያሳደጓቸው ልጆች ካላወቁ፣ እርስዎ በሕይወት ሳሉ ቢነግሯቸው ከማንም የበለጠ ያምኑዎታል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ እኛ ሙስሊሞች ነን። ወላጆቹ የሞቱበትን ሕፃን እያሳደግን ነው። ለትምህርት ቤት ምዝገባ በእኔ ስም ይጠራ ወይ?

መልስ፦ የሃይማኖቱን ብይን ከምታምኗቸው ዑለማዎች ጠይቁ፤ እኔ ከጉዳዩ ጋር የተያያዘውን ብቻ ልጠቁም። የቲምን (አባቱ የሞተበትን ልጅ) ማሳደግ ትልቅ ምንዳ ያለው ሥራ ነው፤ ሆኖም በቁርኣን በሱረቱል አሕዛብ አንቀጽ 5 ልጆቹን ወደ አባቶቻቸው አስጠግታችሁ ጥሩ፣ አባቶቻቸውን ባታውቁ የሃይማኖት ወንድሞቻችሁ ናቸው የሚል ትእዛዝ አለ። የልጁ የአባቱ ስም ከታወቀ በእሱ መጠራቱ ትውልዱን ያቆይለታል፤ እናንተም በአሳዳጊነት ሕጋዊ ሰነድ ልትይዙ ትችላላችሁ። ባለቤትዎ ልጁን ሁለት ዓመት ሳይሞላው አጥብታው ከሆነ በጥቢ ዝምድና ልጇ ይሆናል፤ ከልጆቿም ጋር ጋብቻ እርም ይሆናል። ስንት ጊዜ ከጠባ ነው የሚለው በመዝሃቦች (በእስልምና የሕግ ትርጓሜ መንገዶች) መካከል ልዩነት ስላለበት መቼና ምን ያህል እንደጠባ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ይህም ልጁ ስለ ራሱ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ፒያሳ)፦ የኛ ልጅ ተጥሎ የተገኘ ነው። ወላጆቹ አይታወቁም። የሌለውን ምን ብለን እንንገረው?

መልስ፦ ብዙ ነገር አለ። የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ጨርቅ ተጠቅልሎ እንደተገኘ፣ መጀመሪያ ያነሣው ሰው ማን እንደነበረ፣ በየትኛው ፖሊስ ጣቢያ እንደተመዘገበና የትኛው ጤና ጣቢያ እንዳየው የሚገልጹ ወረቀቶች ይኖራሉ። ሳይጠፉ ቅጅ አውጡ። የተጠቀለለበት ልብስ ካለ አትጣሉት። ሲያድግ «እናትህን አናውቃትም፤ አንተን ግን ሰው እንዲያይህ ከመንገድ ዳር፣ ሙቅ ጨርቅ አልብሳ አስቀመጠችህ» ማለት የሚቻለው እውነት ከሆነ ብቻ ነው፤ ካልሆነ አትጨምሩበት። ባዶውን ቦታ በተረት ከመሙላት «ይህን አናውቅም» ማለት ይሻላል፤ ልጅ የማይታወቅ ነገር እንዳለ ሊቀበል ይችላል፤ ኋላ ውሸት ሆኖ ያገኘውን ግን ሊረሳው አይችልም።

ጥያቄ (ማንነቴ አይገለጽ)፦ ባለቤቴ ልጅ መውለድ ስላልቻለ ውጭ አገር ሄደን በለጋሽ የዘር ፍሬ ወለድን። ከእኔና ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ልጁ ከእኔ ሆድ ነው የወጣው። እሱንስ መንገር ያስፈልጋል?

መልስ፦ ያስፈልጋል። የእናንተ ሁኔታ ከጉዲፈቻ የሚለየው የሚያወራ ጎረቤት ባለመኖሩ ብቻ ነው፤ ልጁ ግን ግማሽ ዘሩን ከማያውቀው ሰው ነው ያገኘው። ሐኪም ዘንድ በቀረበ ቁጥር «በቤተሰብ ስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ የአባቱን ቤት ታሪክ ይናገራል፤ መልሱም የተሳሳተ ይሆናል።

ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1985 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ የለጋሹን ምስጢርነት በማስቀረት ቀዳሚ ሆነች። በብሪታንያ ከሚያዝያ 2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተለገሰ የዘር ፍሬ የተወለዱ ልጆች 18 ዓመት ሲሞላቸው የለጋሹን ማንነት መጠየቅ ይችላሉ፤ ጀርመንም በ2018 ማዕከላዊ መዝገብ ከፍታለች። በአንጻሩ ስፔን ምስጢርነቱን በሕግ ትጠብቃለች። ስለዚህ የታከማችሁበት አገር ሕግ ወሳኝ ነው፤ ክሊኒኩን ጠይቃችሁ የለጋሹን መለያ ቁጥር፣ የጤና ታሪኩንና የሕክምናውን ሰነድ በሙሉ አሁኑኑ አስቀምጡ፤ ክሊኒኮች ይዘጋሉ፣ መዝገብም ይጠፋል። ምስጢሩ ለዘላለም ይቆያል ብላችሁም አታስቡ። ዛሬ በምራቅ በሚደረግ የዘረመል ምርመራ ለጋሹ ራሱ ባይመረመርም የአጎቱ ልጅ በመመርመሩ ብቻ ሊገኝ ይችላል።

ለባለቤትዎም ልናገር። ወንድሜ፣ በአገራችን መካንነት በወንድ ላይ ሲሆን የሚያሳፍር ተደርጎ መታየቱን አውቃለሁ፤ ዝምታው ከዚያ እንደመጣም እገምታለሁ። ልጁን ያቀፉት፣ ሲታመም ሌሊት ያደሩት፣ ስምዎን የሰጡት እርስዎ ነዎት። የእሱ ማወቅ ይህን አይቀንስም። ይንገሩት፤ ሲነግሩትም አብራችሁ ሁኑ።

ጥያቄ፦ በ1977ቱ ድርቅ በሕፃንነቴ ከመጠለያ ተወስጄ በሕፃናት ማሳደጊያ አደግኩ። አሁን ቤተሰቤን መፈለግ እችላለሁ?

መልስ፦ ይቻላል፤ ውጤቱን ግን ቃል ልገባልህ አልችልም። ያሳደገህ ድርጅት የመግቢያ መዝገብህን እንዲያሳይህ በጽሑፍ ጠይቅ፤ ድርጅቱ ከተዘጋ መዝገቡ የተላለፈው ለየትኛው መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት እንደሆነ አጣራ። የወረዳና የቀበሌ ስም ካገኘህ ወደዚያ ሄደህ ሽማግሌዎችን አነጋግር፤ በየአጥቢያው የማንን ቤት ድርቁ እንደጨረሰውና የማን ልጅ እንደጠፋ የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም አሉ። ዘመዴ ነህ የሚልህ ሰው ብታገኝ ከገንዘብና ከድግስ በፊት የዘረመል ምርመራ አድርጉ።

ጥያቄ (ዕድሜ 24፣ ደሴ)፦ የጉዲፈቻ ልጅ መሆኔን በለቅሶ ቤት ከአንድ ዘመድ ሰማሁ። እናቴን አላናገርኳትም። ላኮርፍ ነው ወይስ ልጠይቃት?

መልስ፦ ጠይቃት። ቁጣህ ተገቢ ነው፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ማወቅ አልነበረበትም። ግን እሷን ሳታናግር ወላጆችህን ፍለጋ አትውጣ፤ ሰነዱም፣ ስሙም፣ ታሪኩም ያለው እሷ ዘንድ ነው። «ሰምቻለሁ፤ ከአንቺ መስማት እፈልጋለሁ» ብለህ ጀምር፤ ከዚያ ዝም ብለህ አድምጣት።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ወላጅ እናት ነኝ። ልጄን የሰጠሁት ጉዲፈቻ ለውጭ አገር ሰው በ2010 ዓ.ም ከመከልከሉ በፊት ነው። የት እንዳለች አላውቅም። ላደርግላት የምችለው ነገር አለ?

መልስ፦ አለ፣ እህቴ። ጉዲፈቻው የጸደቀበትን ፍርድ ቤትና የመዝገቡን ቁጥር ይዘሽ የውሳኔውን ግልባጭ ጠይቂ። ለልጅሽ ደብዳቤ ጻፊ፤ በራስሽ ቃል፣ ለምን እንደሰጠሻት፣ እናትና አባትሽ እነማን እንደሆኑ፣ በቤተሰባችሁ ምን ዓይነት ሕመም እንዳለ፣ ወንድምና እህት ካላት ስማቸውን አስፍሪ። ፎቶሽን ጨምሪበት። አንዱን ቅጅ ጉዲፈቻውን ያስፈጸመው ድርጅት ካለ ለእሱ፣ ሌላውን በወረዳሽ ለሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ስጪ፤ የተቀበሉሽ ስለመሆኑም ማህተም ያለበት ወረቀት ያዢ። ስልክ ወይም መኖሪያ በቀየርሽ ቁጥር ተመልሰሽ አስተካክይ።